የጠራው ድምፅ የዋጠው ኮቴ

አንድ ጊዜ፣ ክረምት ገብቶ ወንዙን ጉም በሸፈነበት ወራት፣ ሣር በል እንስሳት በአንድ ኮረብታ ላይ ተሰብስበው ይኖሩ ነበር። ውሃ የሚጠጡት ከኮረብታው ሥር ካለው ወንዝ ነው። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ስለሚከብድ አንዱ የሌላውን ጅራት እንኳ ማየት አይችልም። አያ ጅቦም ይህን ያውቃል። ሸምበቆው ውስጥ ያደባል።

ስለዚህ እንስሳቱን የሚጠብቃቸው ዓይናቸው ሳይሆን ጆሯቸው ነበር። ሰዎች ጥለውት በሄዱት መጋዘን ውስጥ አምፕሊፋየር የሚባል አንድ የድሮ ድምፅ ማጉያ አለ። ማይኩ በረጅም ሽቦ ወርዶ ሸምበቆው ሥር ተደብቋል፤ ስፒከሩ ግን እላይ ኮረብታው ላይ ነው። የምትከፍተውና የምትዘጋው እመት ጦጢት ናት። ስትከፍተው ውስጡ ያሉት ትንንሽ አምፖሎች ቀስ ብለው እስኪቀሉ ድረስ ሁሉም ውሃ ጠምቶት ቆሞ ይጠብቃል። ከዚያ «እምምም» የሚል ድምፅ ይመጣል። ከዚያ ድምፅ ሥር ግን ውሃው ሲፈስ፣ እንቁራሪት ስትዘል፣ ሣር ሲረገጥ ይሰማል። እመት ጦጢት አዳምጣ «ውረዱ» ካላለች ማንም አይወርድም።

አንድ ቀን ቀበሮ አዲስ አምፕሊፋየር አዝሎ መጣ። ስስ፣ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ ነው።

«ጎረቤቶቼ፣ እስከ መቼ ይህን አሮጌ ጣሳ ታዳምጣላችሁ?» አለ።

«ጣሳ አትበለው። እስከ ዛሬ ያኖረን እሱ ነው» አለች አህያ። ማይኩ ሸምበቆው ውስጥ ከመቀመጡ በፊት የመጀመሪያ ልጇን ጅብ በልቶባታል። አሁን ያለቻት አንዲት ውርንጭላ ብቻ ናት።

ቀበሮ አንገቱን ደፋ። «እመት አህያ፣ እኔም እኮ ለልጅሽ ብዬ ነው። እናወዳድራቸው፤ ራሳችሁ ፍረዱ።»

ቀትር ላይ ጉሙ ሲገለጥ በሬ ወደ ወንዙ ወረደ። ማይኩ አጠገብ ቆሞ አንዴ ለድሮው፣ አንዴ ለአዲሱ «እምቧ!» አለ። ሁሉም ወደ በሬው ሲያዩ ቀበሮ የአዲሱን ድምፅ በትንሹ ከፍ አደረገው። ማንም አላየውም።

«አቤት! አጥንቴ ውስጥ ገባ!» አለ በግ።

«የድሮው ጉንፋን እንደያዘው ሰው ያጉረመርማል» አለ ፍየል። «ይሄ ግን ጥርት ያለ ነው! እምምም የለ፣ ምን የለ።»

«የድሮው ድምፅ ሞቅ ይላል» አለች እመት ጦጢት በቀስታ።

«ሙቀት ከፈለግሽ ፀሐይ ላይ ውጪ!» አለ ፍየል።

ሁሉም ሳቁ። እመት ጦጢት አፈረች። አህያም፣ «እንዲህ አጉልቶ የሚያሰማ ከሆነ ጅብ እንዴት ያመልጠዋል?» ብላ አመነች። የድሮውን አውጥተው ገደል ጣሉት።

በዚያው ቀን ቀበሮ ወደ ጅብ ዋሻ ሄደ።

«አያ ጅቦ፣ ቀናህ! አዲሱ ማሽን ትንሽ ድምፅ ሲያገኝ ቆሻሻ ነው ብሎ ይዘጋዋል። ትልቅ ትልቁን ብቻ ነው የሚያሳልፈው። ቀስ ብለህ ከተራመድክ አንተ የለህም።»

«የለሁም?» አለ ጅብ ደንግጦ ሆዱን እየዳሰሰ። «አለሁ እኮ!»

«ለማሽኑ ነው የሌለኸው! አንተ ብቻ አፍህን ዝጋ። ከምትይዘው ላይ የኋላ እግሮቹ ደግሞ የእኔ ናቸው።»

«እሺ» አለ ጅብ። እሺ ማለት ግን ከብዶት ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ጉሙ ከወትሮው የባሰ ነበር። አዲሱ አምፕሊፋየር ወዲያው ተከፈተ። ምንም አልተሰማም።

«ጥርት ያለ ነው! ማንም የለም» አለ ፍየል።

ውሃው ሳይደፈርስ ትንንሾች ቀድመው መጠጣታቸው የቆየ ልማድ ነው። ስለዚህ ውርንጭላዋ ብቻዋን ወረደች። መጀመሪያ እግሯ፣ ከዚያ ጀርባዋ፣ ከዚያ ጅራቷ ጉሙ ውስጥ ጠፋ።

አህያ ስፒከሩ ሥር ቆማ አዳመጠች። ዝም። አሁንም ዝም። ድንገት ወደ እመት ጦጢት ዞረች።

«እመት ጦጢት፣ ወንዙስ?»

«ምን ሆነ ወንዙ?»

«አይሰማም። ወንዝ እኮ ዝም አይልም። የልጄም ኮቴ የለም።»

የእመት ጦጢት ፀጉር ቆመ። አህያ ልጇን ልትጣራ አፏን ከፈተች፤ መልሳም ዘጋችው። ብትጣራ ልጇ «አቤት» ትላለች። አቤት ካለች ደግሞ ጅብ ያለችበትን ያውቃል። ስለዚህ አህያ ድንጋይ እንዳይንከባለልባት እየፈራች፣ በነጩ ጉም ውስጥ ብቻዋን ወረደች። የት እንደምትረግጥ አይታያትም። ልቧ ሲመታ ጅብ የሚሰማት መሰላት።

ያን ጊዜ ከላይ ስፒከሩ እንደ ነጎድጓድ ጮኸ።

«የኋላ እግሯም የእኔ ነው!» አለ የጅብ ድምፅ።

«ዝም በል፣ አንተ ሆዳም! ገና አልያዝካትም እኮ!» አለ የቀበሮ ድምፅ።

«ሁለቱም! ሁለቱም የእኔ ናቸው!»

ኮረብታው ተንቀጠቀጠ። አህያ ግን ስፒከሩን ልብ አላለችውም፤ የጅብ ድምፅ ከፊት ለፊቷ፣ ከሸምበቆው መሀል ነበር የመጣው። ሮጠች። ልጇ ውሃው ውስጥ ደርቃ ቆማለች፤ ጅብ ጆሮዋን ነክሷል። አህያ ዞራ በሁለት እግሯ ወደ ድምፁ ረገጠች። መንጋጋ ሲሰበር ተሰማ። ቀበሮ ወደ ጉሙ ገብቶ ጠፋ፤ ጅብም እያለቀሰ ተከተለው።

ውርንጭላዋ ዳነች። የጆሮዋ ጫፍ ግን ሸምበቆው ውስጥ ቀረ።

እመት ጦጢት የዚያን ዕለት ወደ ገደሉ ወርዳ የድሮውን ፈለገችው። አምፖሎቹ ሁሉ ደቅቀው አገኘቻቸው። እላይ ስትመለስ የጠየቃት የለም፤ ፊቷን አይተው አወቁ። ፍየል እንኳ አንገቱን ደፋ። በዚያ አገር ሌሎች ጅቦችም ነበሩ፤ ክረምቱ ሊወጣም ገና ሁለት ወር ይቀረው ነበር።

ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገሮችን ስናወዳድር ጉልበታቸውን እኩል አድርገን ለምንፈልጋቸው ሥራ መፈተን እንጂ፣ የበለጠ የጮኸውን የተሻለ ነው ብለን መምረጥ እንደሌለብን ነው።