አህያ የዓይኗን ሥር ጥቁረት የደበቀች ጊዜ

አንድ ጊዜ፣ በአንድ ሰፊ ሜዳ ላይ፣ ሣር የሚበሉ እንስሳት ከአንበሳ ጋር ተስማምተው ይኖሩ ነበር። አንበሳ ይገዛቸዋል፤ እነሱም ያከብሩታል። ከሜዳው ዳር ባለው ጫካ ውስጥ ግን አያ ጅቦ ይኖራል። ጅቦ ሆዱ ሞልቶ የማያውቅ፣ ያየውን ሁሉ የሚመኝ፣ አስቦ መሥራት የማይሆንለት ፍጥረት ነው። ስለዚህ በሜዳው መሐል ባለችው ጉብታ ላይ ከጎህ እስከ ጀምበር መጥለቂያ አንድ ጠባቂ ይቆማል። ጅብ ብቅ ሲል ጠባቂው ይጮኻል፤ እናቶችም ልጆቻቸውን ይሰበስባሉ። ሲመሽ ሁሉም ወደ ዋሻው ይገባሉ።

በዚያ ዓመት ጠባቂዋ አህያ ነበረች። ጆሮዋ ረጅም፣ ድምፅዋም ከወንዝ ማዶ የሚሰማ ስለሆነ አንበሳ ራሱ መረጣት። ለልፋቷም በሜዳው ካለው ምንጭ አጠገብ የበቀለው ለምለም ሣር ለእሷና ለውርንጭላዋ ተፈቀደላቸው። ከእሷ በፊት ጠባቂው ድኩላ ነበር። ድኩላ አንድ ቀን ደክሞኛል፣ ዛሬ ሌላ ይቁምልኝ ቢል አንበሳ ተቆጥቶ ከጉብታውም ከምንጩም አባረረው። አህያ ይህን ቆማ አይታለች፤ አልረሳችውም።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ውርንጭላው ታመመ። ሳል ያዘው። ቀን ቀን ይሻለዋል፤ ሲመሽ ግን ትንፋሽ ያጥረዋል። እናቱ አጠገቡ ቆማ ጀርባውን በአፍንጫዋ እያሻሸች ታነጋለች። ሲነጋ ደግሞ ወደ ጉብታው ትወጣለች። አምስት ቀን እንዲህ አለፈ። በስድስተኛው ቀን ውሃ ልትጠጣ ወደ ምንጩ ጎንበስ ስትል መልኳን አየች። የአህያ ዓይን ዙሪያው ነጣ ያለ ነው፤ የእሷ ግን ከሥሩ ጠቁሮ፣ አባብጦም ነበር።

በሬ በዚያ ሲያልፍ ቆም ብሎ አያትና ምን ነካሽ ብሎ ጠየቃት። አቧራ ገብቶብኝ ነው አለችው። ከዚያ በኋላ ግን ያለፈ ያገደመው ሁሉ ዓይን ዓይኗን የሚያያት መሰላት። አንበሳ ካየኝ ያባርረኛል፤ ከምንጩ ከተባረርኩ ደግሞ የታመመ ልጄ ደረቅ ሣር እያኘከ አይድንም ስትል ፈራች።

በሜዳውና በጫካው መካከል ባለ ጉድጓድ ቀበሮ ትኖር ነበር። ከሁሉም ጋር ትግባባለች፤ ለማን እንደምትወግን ግን ማንም አያውቅም። መልክ ማሳመር ትችላለች ይባል ነበርና አህያ በማግስቱ ጎህ ሊቀድ ሲል፣ ወደ ጉብታው ከመውጣቷ በፊት፣ ወደ እሷ ሄዳ ችግሯን ነገረቻት።

ቀበሮ ፊቷን ከግራም ከቀኝም አገላብጣ አየቻት። «የዚህ መድኃኒቱ እንቅልፍ ነበር» አለች።

«እሱን ማግኘት አልቻልኩም፣ እትዬ ቀበሮ።»

«እንግዲያው መደበቅ ነው ያለን።»

ቀበሮ እውነትም ሙያውን ታውቅ ነበር። ጠዋት ጠዋት ዓይኗን በቀዝቃዛ የምንጭ ውሃ እንድታቀዘቅዝ ነገረቻት፤ ቅዝቃዜው እብጠቱን ይቀንሰዋል። ጋደም የማለት ዕድል ካገኘች ራሷን ከፍ ባለ ነገር ላይ እንድታሳርፍ፣ አመሻሹ ላይም ጨው ያለበትን አፈር እንዳትልስ መከረቻት፤ ጨው ሲበዛ ፊት ያሳብጣል። ከዚያ ወደ መሸፈኑ ሄደች። ነጭ አፈር ብቻውን ጥቁረቱ ላይ ከተቀባ አመድ ይመስላል። ስለዚህ መጀመሪያ ቀላ ያለ አፈር በውሃ አላቁጣ ስስ አድርጋ ቀባቻት። እሱ ሲደርቅ ነጩን ደረበችበት። አላሸችውም፤ በጅራቷ ጫፍ ቀስ እያለች መታ መታ አደረገችው እንጂ። አህያ ወደ ምንጩ ሄዳ ብታይ ውርንጭላው ከመታመሙ በፊት የነበረችው እናቱ ቁልጭ ብላ ታየቻት። ደስ አላት።

ምን ውለታ ልመልስልሽ ብላ ብትጠይቃት ቀበሮ ምንም አልፈልግም አለች። ልትለያት ስትል ብቻ፣ «ቅባቱን ለመመጠን ያህል ልጠይቅሽ፤ እንቅልፉ በጣም የሚጫንሽ መቼ ነው?» አለቻት።

አህያ አልጠረጠረችም። «ጀምበር ስትጠልቅ ነው» አለች። «ሁሉም ወደ ዋሻው ሊገባ ሲሰናዳ ዓይኔ ይከዳኛል።»

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ጎህ ሊቀድ ሲል እየሄደች ትቀባለች። በሬ ያ አቧራ ወጣልሽ መሰለኝ ብሎ ተደሰተላት። አንበሳም በጉብታው ሥር ሲያልፍ ቀና ብሎ አይቷት በእርካታ ራሱን ነቀነቀ። የውርንጭላውን ሳል የሰማ አንዳንዱ የእናቱን ፊት እያየ ቀላል ነገር ነው ብሎ ያልፋል። አህያ መጀመሪያ እፎይ ብላ ነበር። ሲውል ሲያድር ግን ውስጧን አንድ ነገር ይከብዳት ጀመር። ልጅሽ እንዴት አደረ የሚላት አንድ እንኳ እንዲኖር ትመኛለች፤ በማግስቱ ጠዋት ደግሞ ማንም እንዳይጠይቃት ብላ ትቀባለች።

መቀባት በጀመረች በዘጠነኛው ቀን ጀምበር ስታዘቀዝቅ አህያ ጉብታው ላይ ቆማ ነበር። ሜዳው ሰላም ነው። ለአፍታ ብቻ ጨፈን ላድርግ አለች።

የነቃችው በፍየል ጩኸት ነበር። ጅቦ የፍየልን ግልገል በኋላ እግሯ ይዞ ወደ ጫካው ይጎትታል። በሬ ቀንዱን አስቀድሞ ሮጠ። አህያም ከጉብታው ተንደርድራ ወረደችና ጅቡን በኋላ እግሯ መታችው። ጅቦ ግልገሏን ጥሎ ሊሮጥ ሲል በሬ ከቋጥኝ ጋር አጣብቆ ያዘው። ግልገሏ በሕይወት ተረፈች፤ እግሯ ግን ክፉኛ ተቦጭቆ ነበር።

አንበሳ ጩኸቱን ሰምቶ ደረሰ። ጅቦ ማንም ሳይጠይቀው መናገር ጀመረ።

«እኔ ምን አጠፋሁ? ጀምበር ስትጠልቅ ትተኛለች ያለችኝ ቀበሮ ናት። እኔማ ዓይኗ ዙሪያው ነጥቶ ሳየው የነቃች መስሎኝ ሁለት ጊዜ ሰላም ብያታለሁ። ዝም ስትለኝ ነው ያለፍኩት። ለቀበሮ ደግሞ አጥንቱን ላስቀርላት ቃል ገብቻለሁ፤ አልዋሸሁም፣ ጠይቋት።»

ሁሉም ወደ አህያ ዞሩ። ፍየል የልጇን ቁስል እየላሰች ነበር። ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ እንዲህ አለች፦

«ቀና ብዬ አይቼሽ ነበር። ፊትሽ ነጭ ነበር። ነቅታለች ብዬ ነው ልጄን የለቀቅኳት።»

አህያ ወደ ምንጩ ሄደችና ፊቷን ውሃ ውስጥ ነከረች። ነጩም ቀዩም አፈር እየታጠበ ወረደ። ስትመለስ ያዩት ፊት የጠቆረና የጎደጎደ ነበር። በሬ ዓይኑን ወደ መሬት አደረገ።

ያን ጊዜ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ የልጇን ሳል፣ ሳትተኛ ያነጋችውን ሁለት ሳምንት፣ ድኩላ የተባረረበትን ቀን። «ስፍራዬን ይወስዱብኛል ብዬ ፈርቼ ነው ጌታዬ» አለች ለአንበሳ። «የፍየልን ልጅ ያስነከስኳት ግን እኔ ነኝ።»



«ድኩላን ያባረርኩት እኔ ነኝ» አለ አንበሳ። «ከዚያ ቀን ወዲህ ማንም ደክሞኛል ብሎኝ አያውቅም። እኔ ደግሞ ሁሉም ብርቱ የሆነ መስሎኝ ነበር።»

ጅቦ በበሬ ቀንድ እየተገፋ ወንዙን ተሻገረ። ቀበሮ ተጠርታ መጣችና የጠየቀችኝን ነው ያደረግኩላት ብላ ተከራከረች። አንበሳ ስለ ቅባቱ ሳይሆን የታመመ ልጅ እናት የምትተኛበትን ሰዓት ለጅብ ስለ መንገሯ እንደሚጠይቃት ነግሯት፣ ወደ ሜዳው እንዳትደርስ ከለከላት። ድኩላን አስጠርቶ ይቅርታ ጠየቀው። ጥበቃውም በተራ እንዲሆን ተወሰነ። ውርንጭላው እስኪያገግም ድረስ ላሞች እየተፈራረቁ አጠገቡ አደሩለት፤ ሣሩንም ማንም አልነካበትም። አህያ በመጀመሪያው ቀን የተኛችው እንቅልፍ ሰው ቢያያት ሞታለች የሚያሰኝ ነበር።

ግልገሏ ዳነች፤ ማነከሱ ግን አልተዋትም። ፍየል ከአህያ ጋር መነጋገር አቆመች። አህያም አልፈረደችባትም፤ በመንገድ ስታገኛት ዝቅ ብላ ሰላም ትልና ታልፋለች።

ወራት አለፉ። አንድ ቀን ተራው የአህያ ሆነ። ውርንጭላው ብርድ መትቶት ስላደረ እንቅልፍ አልነበራትም። የዓይኗ ሥር ጠቁሯል፤ ምንም አልተቀባችም። ፍየል ግልገሏን አስከትላ ቀስ እያለች ጉብታውን ወጣችና ፊት ለፊቷ ቆመች።

«አልተኛሽም» አለቻት።

«አዎ፣ አልተኛሁም።»

«ውረጂና ተኚ። ዛሬ እኔ እቆማለሁ።»

አህያ ዝቅ ብላ እጅ ነሳቻት። ከዚያ ወረደች። ግልገሏ እያነከሰች እስከ ዛፉ ጥላ ሸኘቻት።

ከዚህ የምንማረው፣ ያልተኛንበትን ቀን ፊታችንን አሳምረን መዋል ነውር ባይሆንም፣ ድካማችንን ሊያግዙን ከሚችሉት ከደበቅን ግን ራሳችንንም በእኛ የተማመኑትንም ለአደጋ እንደምናጋልጥ፣ ደክሞኛል ያለውን የሚቀጣ ደግሞ መደበቅን እንደሚያስተምር ነው።