በኮሚቴ ይታይ

አንዲት ሴት ነበረች። ከውጭ አገር የሚገባ ዕቃ ሕጉን ጠብቆ መግባቱን የምትቆጣጠር የጉምሩክ ኃላፊ። ጉቦ የማትነካ፣ ጾም የማትሽር፣ እንደ እናንተው የምታስቀድስ። ክፉ ሰው አይደለችም፤ ኋላ እንዳትፈርዱባት አስቀድሜ ልንገራችሁ።

አንድ ቀን ሲስተር ጸዳለ የምትባል የሆስፒታል ነርስ ቢሮዋ መጣች። ስኳር ላለባቸው ሕፃናት የሚወጋ ኢንሱሊን በእርዳታ መጥቶ መጋዘን ተይዟል። ምን ሆነ ብትሉ፣ ካርቶኑ ላይ ያለው የተመረተበት አገር ስም ከሰነዱ ጋር አልገጠመም። ላኪው «ሰነዱን ስጽፍ ተሳስቻለሁ» ብሏል። መድኃኒቱን የመረመሩትም ደኅና ነው ብለዋል።

«የኔ እመቤት፣ ልጆቹ የሚወጉት ሊያልቅ ነው» አለች ሲስተር ጸዳለ። «ኃላፊው ግዴታ አስፈርሞ መልቀቅ ይችላል አሉኝ። እኔ ግዴታ እገባለሁ፤ እርስዎ ብቻ ይፈርሙልኝ።»

እውነቷን ነው፤ ሕጉ ይፈቅዳል። ያንን አንቀጽ ለአዲስ ሠራተኞች የምታስተምረው እኮ ራሷ ኃላፊዋ ናት!

ግን ፈራች። አንድ ባልደረባዋ እንዲህ ፈርሞ ዕቃ ለቀቀና «ምን በልቶ ነው?» ተብሎ ስሙ ጠፍቷል። ስለዚህ ብዕሯን አነሣችና ፋይሉ ጥግ ላይ ያችን የምታውቋትን ቃል ጻፈች፤ «በኮሚቴ ይታይ»።

ትስቃላችሁ አይደል? ሳቁ፣ ሳቁ። ሁላችንም ጽፈናታል።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ሥልጠና ሄዷል። እሱ ሲመለስ ጸሐፊው ለቅሶ ላይ ነው። ሲስተር ጸዳለ በየጠዋቱ እየመጣች ኮሪደሩ ላይ ትቀመጣለች። ኃላፊዋም «እኅቴ፣ ከእጄ ወጥቷል እኮ» ትላታለች። ወጥቷል? ማን አወጣው?

በመጨረሻ ተፈቀደ። ኃላፊዋ ደስ ብሏት ከወንበሯ ብድግ አለች። «እንኳን ደስ አለዎት ሲስተር!»

ሲስተር ጸዳለ ፈቃዱን ተቀበለች። «እግዜር ይስጥልኝ። ለቀሩት ይሆናል።»

«ለቀሩት? እንዴት ለቀሩት?»

«ሶስናን ትናንት ቀበርናት። ገና አንደኛ ክፍል ነበረች።»

አልተሳደበችም፣ አልረገመችም። ፈቃዱን ይዛ መድኃኒቱን ልታወጣ ወደ መጋዘን ሄደች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው።

ኋላ ኦዲተሮች መጡ፤ ፋይሉን አገላብጠው እንከን የለበትም ብለው ሄዱ። ያን ዕለት ሴትዮዋ እኔ ዘንድ መጣች። «አባ፣ ምነው አንድ ሰው እንኳ በከሰሰኝ!» ብላ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። እኔም አብሬያት አለቀስሁ። ለሌላው ትምህርት ይሁን፣ ይንገሩልኝ ያለችኝም እሷው ናት።

ወገኖቼ፣ ሶስናን የቀበራት ሕጉ ነው? ሕጉማ በሩን ከፍቶ ነበር። የቀበራት «እኔን እንዳይነካኝ» ነው።

እናንተስ? «ሽማግሌ ይላክና እናያለን» ብላችሁ ይቅርታ ሊጠይቅ የመጣ የገዛ ወንድማችሁን ደጅ ያቆማችሁ የላችሁም? «ቤተሰቡ ይምከርበት» እያላችሁ የታመመች አክስታችሁን ሳትጠይቁ የከረማችሁስ? ይቅር ለማለት ምልዓተ ጉባኤ ይሟላ? ወይ ጉድ! ንጹሕ ፋይል ታቅፈን ጌታ ፊት ስንቆም «ሶስና የታለች?» ቢለን ምን እንላለን?

አንድ ሰው ኮሪደራችሁ ላይ ተቀምጧል። ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። «ለቀሩት» ሳይባል፣ ዛሬውኑ ፈርሙለት።