ቦላ አህያና ሦስቱ መናኞች

ኑ እስቲ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። አላስረዝምባችሁም፤ ተረቷ ከአህያ ጆሮ አትበልጥም።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳት እንደኛ በሚያወሩበት ዘመን፣ በህንድ አገር አንድ ወንዝ ዳር ቦላ የሚባል አህያ ነበር። በዚያ አገር ሁሉም ደረጃውን ይዞ ነው የሚወለደው። አያ በቀቀን ከፈጣሪ አፍ ወጣሁ ይላል፤ ሥራው ቅዱሱን ቃል ማነብነብ ነው። አያ ነብር ከክንዱ ወጣሁ ይላል፤ ሥራው መዋጋትና መግዛት ነው። አያ አይጥ ከጭኑ ወጣሁ ይላል፤ ሥራው እህል መነገድ ነው። ቦላስ? ቦላን አንተ የወጣኸው ከእግሩ ነው አሉት። እሱም መንገዱን ቀጠለ፤ ጀርባው ላይ ውሃ ነበረበት።

በቀቀን ባነበነበ ቁጥር ቦላ ጆሮውን አጥፎ እንዲቆም ይታዘዛል። ከእግር የወጣ ቅዱሱን ቃል መስማት አይፈቀድለትማ። እስቲ አስቡት፣ በዚያ ጆሮ!

በዚያ አገር ዕድሜም በደረጃ ነው። መጀመሪያ ተማሪ መሆን፣ ከዚያ ትዳር መያዝ፣ የልጅ ልጅ አይተው ሲሸብቱ ጫካ ገብቶ ማረፍ፣ በመጨረሻም ዓለምን ጭራሽ መተው።

መጀመሪያ በቀቀን ሸበተ። ዓለም በቃኝ ብሎ፣ ተራራው ላይ ካለው ጫካ ሊመንን ተነሳ። መናኝ ባዶ እጁን ነው የሚሄደው። እሱ ግን የጥጥ ፍራሹን፣ የማር ማሰሮውንና መስታወቱን ቦላ ላይ ጫነ። ክንፍ እያለው ራሱም ከላይ ጉብ አለበት። ቀጥሎ የነብር ጥርስ አለቀ። ሥጋ እርም ይሁንብኝ ብሎ በአደባባይ ማለ፤ ዓለም በቃኝ አለና ዙፋኑን ቦላ ላይ ጫነ። በሦስተኛው አይጥ ዓለም በቃኝ አለ፤ ጎተራውን ከነእህሉ ቦላ ላይ ጫነ።

ዓለም በቃኝ ያለው ሁሉ ዓለሙን ይዞ ወጣ። ተራራው ላይ ግን ውሃ የለም። ቦላ ጠዋት ማታ ከወንዙ እያመላለሰ አጠጣቸው።

ውሎ አድሮ ጉልበቱ ከዳው። አገጩ ሸብቷል፤ የልጅ ልጁንም አይቷል። ሳይሞት ወንዙ ዳር ካለው ለምለም ሣር ላይ መተኛት ብቻ ነበር ምኞቱ። እንደምንም ተራራውን ወጣና፣ "ጌቶቼ፣ እንግዲህ እኔም ልረፍ" አላቸው።

ሦስቱ መናኞች ተያዩ። ነብር ሳቀ። አይጥ ደግሞ ለመሆኑ ዕረፍት ለአህያ ምን ያደርግለታል ብሎ ጠየቀ። በቀቀን ዓይኑን ጨፍኖ፣ "ማረፍ የኛ የሦስታችን ነው። አንተ እግር ነህ። እግር ይሄዳል እንጂ አይመንንም" አለው።

ቦላ አሰበ፣ አሰበና፣ "እሺ ጌታው፤ እግር ከሆንኩማ ልሂድ" አለ። የውሃ ማሰሮዎቹን ከጀርባው አራግፎ፣ ቀስ እያለ ቁልቁለቱን ወረደ። ሄዶ ሣሩ ላይ ተዘረረ።

ብዙም ሳይቆይ መናኞቹ ጠማቸው። ነብር አፋፉ ላይ ቆሞ እበላሃለሁ እያለ አገሳ። ቦላም፣ ሥጋ እርም ይሁንብኝ ብለው የለም እንዴ አለው፤ ደግሞስ በየትኛው ጥርስዎ? አይጥ ገለባ እጨምርልሃለሁ እያለ ለመነው። ቦላ አፉን ሣር ሞልቶት ነበርና ማኘኩን ቀጠለ። በመጨረሻ በቀቀን የእርግማን ቃል ማነብነብ ያዘ። ቦላ ጆሮውን እጥፍ አደረገና፣ "እኔ እንዳልሰማ ታዝዣለሁ" አለ።

ፀሐይዋ ከረረች። የበቀቀን ጉሮሮ ደረቀ፤ እርግማኑ መሀል ላይ ተቆረጠ። "ከፈጣሪ አፍ የወጣሁት እኔ በውሃ ጥም ልሙት?" አለ።

ቦላ ቀና ብሎ አየው። ዕድሜውን ሙሉ እርስዎ ሲለው የኖረውን በቀቀን፣ ያን ቀን አንተ አለው፦

"አፍ ከሆንክ፣ ወርደህ ጠጣ።"