ግንደ ጉርድ

ወይብላ ወንዝ ዳር ያለችው መንደር ግንደ ጉርድ ትባላለች። «ጉርድ» ሌላ አገር የተቆረጠ፣ ያጠረ ማለት ነው፤ የዚች መንደር ሰዎች ግን አጥሮ ለደነደነ ነገር ሁሉ ይሰጡታል፤ ለበሬ አንገት፣ ለሕፃን ጭን፣ ለማይነቃነቅ ጉልቻ። ሙሽራን «ጉርድ ናት» ማለት እዚያ ምስጋና ነው፤ እንግዳ ሲሰማ ይቀየማል።

እንደሚነገረው፣ ድልድይ ሳይኖር ሰው ክረምት የሚሻገረው ገመድ ይዞ ነበር። የገመዱ አንድ ጫፍ ማዶ ካለው ሾላ ላይ፣ ሌላው ወዲህ ከሚተከል ምሰሶ ላይ ይታሰራል። ምሰሶውን የላይ ቤትና የታች ቤት ሰዎች በየሰኔው ተፎካክረው ያመጣሉ፤ ከሩቅ መታየቱ ክብር ነውና የሚመረጠው ረዥሙ ነው። ደራሽ ውሃ በየዓመቱ ይነቅለዋል፤ እነሱም በየዓመቱ የባሰ ረዥም ይፈልጋሉ።

አንድ ነሐሴ ምሰሶው ሰው እየተሻገረ ሳለ ወደቀና እንዳላማው የሚባል የመንደሩ ሰው የሦስት ዓመት ልጁን ከእናቱ ጀርባ ላይ ውሃ ወሰደበት። በዓመቱ፣ ግንቦት ላይ፣ ሴት ልጅ ተወለደችለት። ቤተ ክርስቲያኑ ማዶ ነው፤ ክርስትና የምትነሣበት ሰማንያኛ ቀንም ነሐሴ ላይ ይውላል።

ሰኔ ሲገባ ሰዎቹ እንደ ልማዳቸው ዛፍ በክንድ ሊለኩ ተነሡ። ያን ጊዜ የእንዳላማው ትዕግሥት አለቀ ይባላል።

«ውሃው የሚመታው ከሥር ነው፤ እናንተ ጫፉን ትለካላችሁ። ስንቴ ልናገር?»

«ኀዘን ነው የሚያናግርህ» አሉት የመንደሩ ሹም፣ ጭቃ ሹም አየልኝ።

«አዎ፣ ኀዘን ነው። ታዲያ ሐሰት ሆነ?»

እንዳላማው ክርክሩን ተወና ሄዶ አንድ ሰው አቅፎ የማይጨርሰው አሮጌ ወይራ ቆረጠ፤ በስድስት ክንድ ጎርዶ በበሬ አስጎተተና አራቱን ክንድ ቀበረው። ሌሎቹ ከተከሉት ረዥም ምሰሶ አጠገብ እስከ ወገብ ብቻ ብቅ አለ። ከማዶው ሾላ ሌላ ገመድ ስቦ አሰረበት።

ጭቃ ሹሙ ዞረው አዩት። «እንዳላማው፣ ይሄ ምሰሶ ነው በርጩማ?»

«ይቀመጡበታ ጌታዬ። ከተነቃነቀ ይንገሩኝ።»

ሰማንያኛው ቀን ሲደርስ ረዥሙን ምሰሶ ውሃ ከወሰደው ሦስት ቀን ሆኖት ነበር። ከጉርዱ ላይ የታሰረው ገመድ ግን እንደተወጠረ ነው። ሚስቱ ጥሩአየሁ ወንዙ ዳር ቆማ ሕፃኗን አልሰጥም አለች።

«አምናም ይይዛል ብለኸኝ ነበር።»

እንዳላማው ብቻውን እስከ መሃል ገባና ገመዱ ላይ በሙሉ ክብደቱ ተንጠለጠለ፤ ተመልሶ እጁን ዘረጋ። ሰጠችው። በነጠላ ደረቱ ላይ አስሯት ተሻገረ፤ እሷ ተከተለች፤ መንደርተኛውም ተከተለ። ጭቃ ሹሙ መጨረሻ ተሻገሩ ይባላል፤ ያን ቀን ቀልድ አልነበራቸውም።

ከዚያ ወዲያ ሰው ሁሉ ያመሰግነው ጀመር፤ እሱ ግን መመስገን አይወድም ነበር። «አምና ቢተከል ኖሮ» ይላል።

ዛሬ ድልድይ አለ። ወይራው የገመድ ጭረቱን እንደያዘ ከድልድዩ ሥር ቆሟል። ሕፃን ክርስትና ሊያስነሡ የሚሄዱ ሰዎች እልልታቸውን ከቤት ጀምረው ይመጣሉ፤ ከጉርዱ አጠገብ ሲደርሱ ያቆማሉ። የሕፃኑን እግር ግንዱን ያስነኩና ማዶ እስኪደርሱ ድረስ ማንም አይናገርም።