የደጃዝማች ወንድይራድ የጠጅ አዋጅ

ደጃዝማች ወንድይራድ፣ አንድ ፈረንጅ ሰባኪ በአገሩ ሰው መጠጥ ላይቀምስ ማኅበር ገብቶ እንደሚምል ቢያጫውታቸው፣ ነገሩ ደስ አላቸውና በማግስቱ ነጋሪት አስጎሰሙ።

«ከዛሬ ጀምሮ በግዛቴ ጠጅ የቀመሰ፣ ጠብታም ብትሆን፣ ገበያ መካከል አርባ ይገረፋል!»

አገሬው እያዘነ ጋኑን ደፋ። ደጃዝማች ግን ምሳ ላይ መጋረጃ አስጋርደው «የኔስ ለጤናዬ ነው» እያሉ ያስቀዱ ነበር።

ጠጅ አሳላፊያቸው ምላሱ የማያርፍ ሰው ነው። መርዝ እንደሌለበት ለማሳየት አሳላፊ አስቀድሞ በመዳፉ ጠብ አድርጎ መቅመሱ ወግ ሆኖ ሳለ፣ አንድ ቀን ብርሌውን ይዞ ሳይቀምስ ቆመ።

«ምነው አልቀመስክም?» አሉት ደጃዝማች።

«አዋጁን ፈርቼ ነው፣ ጌታዬ።»

ደጃዝማች ወደ ባለሟሎቻቸው ዞረው ሳቁ። «እንግዲያው ምረጥ! ብትቀምስ በአዋጄ ትገረፋለህ፤ ባትቀምስ ሊመርዘኝ ነበር ብዬ አስርሃለሁ።»

አሳላፊው በመዳፉ ጠብ አድርጎ ቀመሰና እጅ ነስቶ ብርሌውን አቀበላቸው።

«ደኅና ጠጅ ነው፣ ጌታዬ። እንግዲህ እኔ ለግርፋቴ ወደ ገበያው ልቅደም፤ እርስዎም ብርሌውን ሲጨርሱ ይድረሱብኝ።»