መንገዱን የሳተ ጉርሻ

ሶስና፣ ጀግናው ጨዋታ ውስጥ ገብቶ ሕልሙንና እውኑን የሚያምታታበትን አኒሜ የሚሉትን የጃፓን የሥዕል ፊልም አይተሽ፣ «መምህር፣ ድንበሩ የት ነው?» አልሽኝ። እኔ እንኳን አኒሜ ሬዲዮም በወጉ አልከፍትም። ብቻ ስሚኝ።

አንድ ሰው ነበረ። እናቱ ካረፉ ወዲህ አባቱ እህል አልቀምስም አሉ። ጎረቤት መጣ፣ ዘመድ መጣ፣ ሐኪምም መጣ፤ ሁሉም «ይብሉ እንጂ!» ይላቸዋል። እሳቸው «እሺ፣ በኋላ» እያሉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። ሰውነታቸው አልቆ አጥንታቸው ቀረ። ልጅየው ለምኖ ለምኖ ሲሰለቸው፣ ዓይኑ እያየ አባቱ ሊያመልጡት ነውና መሸሸጊያ ፈለገ።

መሸሸጊያው ዓይን ላይ የሚጠለቅ የጨዋታ መነጽር ነበር። እሱን ሲያጠልቅ ቤቱ ይጠፋና እንደ አኒሜ በተሣለ አገር፣ ቅጠሉ ሐምራዊ በሆነ ጫካ ውስጥ ይገኛል። እዚያ አንዲት ጦረኛ ልጃገረድ ወዳጅ ነበረችው። ሥዕል መሆኗን ያውቃል፤ እያወቀም ይሳሳላታል።

አንድ ቀን ምሳውን ጭኑ ላይ አድርጎ ከአባቱ አልጋ አጠገብ ተቀመጠና መነጽሩን አጠለቀ። ልጅቷ ቆስላ እሳት ዳር ተቀምጣለች። «እህል ከቀመስኩ ሁለት ቀኔ» አለችው። አንጀቱን በላችው። ያገሬ ሰው ይህን ሰምቶ ብቻውን ይውጣል እንዴ? መነጽር ማጥለቁን ረሳ። ከሳህኑ በዳበሳ ጠቀለለና «በሞቴ!» ብሎ እጁን ዘረጋላት።

ጉርሻው አየር ላይ አልቀረም። ጣቶቹን ጢም ነካቸው፤ ከንፈርም ተቀበለው።

ደንግጦ መነጽሩን ሲያወልቅ አባቱ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ያላምጣሉ። ያን ሁሉ ቀን ሰው «ይብሉ» ብሎ አዘዛቸው እንጂ ከራሱ ሳህን ቆርሶ ያጎረሳቸው አልነበረም። ዋጡና፣

«አንድ ጉርሻ ያጣላል» አሉት።

ሰውየው ጉርሻው ለማን እንደነበረ ሊናገር አልደፈረም። ሁለተኛውን ጠቀለለ፤ ሦስተኛውንም። «ተመስገን፣ ተመስገን» ይላል። አምላኩን አመስግኖ ሲጨርስ፣ ያችን ልጅ የሣላትን፣ መልኩን የማያውቀውን የሩቅ አገር ሰውም «እጅህ ይባረክ» ብሎ መረቀው።

ሶስናዬ፣ አንቺም እንደዚያ ሰው ነሽ። እዚያ የሚሰማሽ ርኅራኄ ውሸት አይደለም፤ ልብሽን ያለሰለሰውን አመስግኚ። ድንበሩን ግን በዓይንሽ አትፈልጊው፤ ዓይን ይታለላል። እጅሽን ዘርጊ። ሥዕል አያላምጥም፤ የሚያላምጠው ሰው አጠገብሽ ጦሙን እንዳይውል።