ሐጂ ቡሽራ ሳይናገሩት የኖሩት ምስጋና

ዕድሜዋን ሽማግሌዎቿ እንኳ በትክክል በማይነግሩን፣ በድንጋይ ግንብ በታጠረች አንዲት ከተማ ውስጥ ሐጂ ቡሽራ የሚባሉ ኪታብ ጠራዥ ነበሩ። ሱቃቸው ከጁምዓ መስጂዱ ጀርባ ነው። ቅጠሉ የላላ ቁርኣን ወይም የፊቅህ፣ የሃይማኖት ሕግ፣ ኪታብ ያለው ሰው ሁሉ ወደ እሳቸው ይወስዳል፤ ኪታቡም ጠርዙ ተሰፍቶ፣ አዲስ ቆዳ ለብሶ ይመለሳል። ሐጂ አላህን የሚፈሩ ሰው ነበሩ። የሠራተኛን ዋጋ ላቡ ሳይደርቅ ይሰጣሉ። ማንንም ክፉ ቃል አይናገሩም። ሠራተኛ ሲታመም ቤቱ ድረስ ሄደው ይጠይቃሉ። አንድ ነገር ግን ይጎድላቸው ነበር፤ መጉደሉንም አያውቁትም።

ከሠራተኞቻቸው አንጋፋው ሙሄ ይባላል። ሙሄ ቆዳ አልፊ ነው። የፍየሉን ቆዳ የሚረከበው እሱ፣ ጠጉሩን የሚፍቀው እሱ፣ የጉሎ ፍሬ ወቅጦ በቅባቱ እያሸ እንደ ጨርቅ እስኪታጠፍ ድረስ ሰባት ቀን አብሮት የሚለፋው እሱ ነው። ይህን ሥራ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቷል። ሥራው ጓሮ ነው፣ ይሸታል፤ ደንበኛ ወደዚያ አይዘልቅም።

ከሦስት ዓመት ወዲህ ደግሞ ጦይብ የሚባል የሠላሳ ዓመት ሰው ከሌላ አገር መጥቶ ተቀጠረ። ጦይብ በለፋው ቆዳ ላይ የጋለ ብረት እየጫነ ሐረግ ያወጣል። እጁ የተባረከ ነበር። ሐጂ ቡሽራም ደንበኛ በመጣ ቁጥር ኪታቡን ከፍ አድርገው፣ "ማሻአላህ! ይህ የጦይብ ሥራ ነው። ባረከላሁ ፊክ፣ ልጄ!" ይላሉ። ድምፃቸው እስከ ጓሮው ይሰማል።

ሙሄ መጀመሪያ ላይ አብሮ "አሚን" ይል ነበር። ቆይቶ ዝም አለ። ከዚያ መቁጠር ጀመረ።

"ዛሬም ሦስት ጊዜ አመሰገኑት" ይላታል ለሚስቱ ለዘምዘም፣ የቀረበለትን ምሳ ወደ ጎን እየገፋ። "ቆዳው ከሰማይ የወረደ መሰላቸው?"

"አንተንም ይወዱሃል እኮ" ትለዋለች። "የሱቁን ቁልፍ የያዘው ማን ነው?"

"ቁልፍ ለዘበኛም ይሰጣል።"

ሐሰድ፣ ማለትም ቅናት፣ ሰው ልብ ውስጥ ሲገባ እንግዳ መስሎ ነው የሚገባው፤ ውሎ ሲያድር ባለቤቱን ከቤቱ ያስወጣዋል። ጦይብ ሲስቅ በእሱ የሳቀበት ይመስለዋል። በሶላት ሰልፍ ላይ አጠገቡ ሲቆም የጦይብ ትከሻ ይኮሰኩሰዋል። አንድ ነጋዴ በሥራው ተደስቶ ለጦይብ ኩታ አለበሰው፤ ሙሄ ያን ሰሞን ከዚያ ኩታ በቀር ሌላ ነገር አልታየውም። ዱዓ ለማድረግ እጁን ሲዘረጋ እንኳ ለራሱ የሚለምነው ጠፋበት። ልቡ የሚያቀርብለት ጦይብ ያለውን ቢያጣ የሚል ብቻ ሆነ።

የረመዳን መግቢያ ሲቃረብ የመስጂዱ ኢማምና ሽማግሌዎች ለመስጂዱ በወቅፍ የተሰጠውን ትልቁን ቁርኣን ይዘው መጡ። አሮጌው ሽፋን ተበጣጥሷል። ሐጂ ቡሽራ በሁለት እጃቸው ተቀብለው ሳሙትና፣ "አብሽሩ፤ ጦይብ እጁን ያሳየናል ኢንሻአላህ" አሉ።

ሙሄ ጓሮ ቆሞ ሰማ። ከቆዳው በፊት ሐረጉ፣ ከእሱ በፊት ጦይብ። ያችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ዋጣት፤ እሷም ውስጡ ገብታ ፈላች። ለቁርኣኑ የተመረጠውን ቆዳ በሰባተኛው ቀን ማውጣት ሲገባው በአራተኛው አወጣው። ቅባቱንም ላይ ላዩን አስነካው። ለዓይን ያምራል፤ ውስጡ ግን ደረቅ ነው። ጦይብም ምንም ሳይጠረጥር ሐረጉን አወጣበት።

በቀጠሮው ቀን ከዐሱር ሶላት በኋላ ሽማግሌዎቹ መጡ። ሐጂ "ቢስሚላህ" ብለው ቁርኣኑን ሲከፍቱ ሽፋኑ ቀው አለ። ከጀርባው እስከ ሐረጉ መሐል ድረስ ተሰነጠቀ።

ከዚያ አንዱ ሽማግሌ፣ "ይኸው ነው እንግዳን ማመን! ብረቱን አብዝቶ አግሎ አቃጠለው" አሉ።

ጦይብ "ወላሂ..." ብሎ ጀመረ፤ ሽማግሌው ግን አላስጨረሱትም። ፊቱ አመድ መሰለ።

ሙሄ በጓሮው በር ላይ ቆሟል። ሦስት ዓመት ሙሉ የጠበቃት ሰዓት ይህች ነበረች። ልቡ በደስታ ዘለለ፤ ደስታው ግን፣ በኋላ እሱ ራሱ እንደተናገረው፣ ምራቅ የመዋጥ ያህል እንኳ አልቆየለትም።

ሐጂ ቡሽራ የተሰነጠቀውን ቆዳ በጣታቸው አሹት፤ ወደ አፍንጫቸውም አስጠጉት። ገባቸው። ቀና ብለው ወደ ጓሮው በር ተመለከቱ። የሙሄ ዓይን መሬት ላይ ነው።

እስቲ አስቡት። ስሙን ቢጠሩ ሃያ ሁለት ዓመት ያገለገለ ሰው በከተማው ፊት ይዋረዳል። ዝም ቢሉ ደግሞ ንጹሑ ሰው ያልሠራውን ኃጢአት ይሸከማል። ሐጂ ሁለቱንም አላደረጉም።

"ጦይብ አላጠፋም" አሉ ረጋ ብለው። "የብረቱ ሙቀት ልክ ነው። ጥፋቱ የቤቴ ነው፤ የምጠየቅበትም እኔ ነኝ። አሥር ቀን ስጡኝ።"

ሽማግሌዎቹ ከሄዱ በኋላ ሐጂ ወደ ጓሮ ገቡ። ለዓመታት ያልዘለቁበት ቦታ ነው። ከመዘፍዘፊያዎቹ አንዱን ገልብጠው ተቀመጡበት።

"ሙሄ፣ ይህ ቆዳ ስንት ቀን ለፋ?"

"አራት።"

"ለምን?"

ሙሄ ከእጁ ላይ ቅባቱን ጠረገ። "ሐጂ፣ በዚህ ሦስት ዓመት ጦይብን ስንት ጊዜ እንዳመሰገኑት ልነግርዎ እችላለሁ። እኔን ያመሰገኑኝን ለመቁጠር ግን አንድ ጣት እንኳ አያስፈልገኝም።"

ሐጂ ቡሽራ አልተቆጡም። "የአላህን ቃል ልብስ አበላሽተሃል። የወንድምህን ስም ጎድተሃል። ይህ የአንተ ነው፤ አልሸከምልህም። ወደ እሱ ሄደህ በአፍህ ትነግረዋለህ" አሉት። ከዚያ ቀጠሉ። "የእኔን ጥፋት ደግሞ ስማኝ። ያንተን ቆዳ አንድም ቀን ገልብጬ አይቼ አላውቅም። ሙሄ ካለፋው ምን አያለሁ ብዬ ነው። ይህንን የምታውቀው መስሎኝ ኖርኩ። አልነገርኩህም።"

ሙሄ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

በማግስቱ ጠዋት ጦይብን ለብቻው ጠርቶ ሁሉን ነገረው። ጦይብ ብድግ አለ። "በሽማግሌዎች ፊት አንገቴን አስደፋኸኝ! ምን በድዬህ?"

"ምንም። ሲያመሰግኑህ ቀናሁብህ።"

ጦይብ ለመሄድ ዞረና መልሶ ተቀመጠ። "እኔስ በአንተ ስቃጠል መኖሬን ታውቃለህ?" አለው።

"በእኔ? በምኔ?"

"እኔን የሚያመሰግኑኝ እንደ እንግዳ ነው። ምስጋናው ከመምጣቱ በፊት ሥራዬን ወደ ብርሃን ወስደው ያገላብጡታል፤ ሁልጊዜ። ያንተን አንድ ቀን እንኳ አያገላብጡም። ሐጅ ሲሄዱ ቁልፉን ለአንተ ሰጥተው ሄዱ። እዚህ ቤት ሰው የምሆነው መቼ ነው እያልኩ ስንት ቀን ተብሰልስያለሁ መሰለህ?"

ሁለቱም ተያዩ። አንዱ የሌላውን እጅ እያየ ሲቀና የራሱን ሳያየው ከርሟል። በመጨረሻ ጦይብ እጁን ዘረጋ። "ሙሄ፣ አፉ ብዬሃለሁ። አንተም አፉ በለኝ።"

ሐጂ ቡሽራ በእነዚያ አሥር ቀናት ማለዳ ማለዳ ጓሮ ይገቡ ነበር። እጅጌያቸውን ሰብስበው እጃቸውን ቅባት ያስነኩና "ይህ ለምንድን ነው?" ብለው ይጠይቃሉ። ሙሄ መጀመሪያ አፈረ፤ ኋላ ግን አንደበቱ ተፈታ። በብርድ ቀን ቅባቱ እንዳይረጋ የቅባቱን ቅል ደረቱ ላይ አቅፎ በገላው እንደሚያሞቀው ያን ጊዜ ሰሙ።

"ሃያ ሁለት ዓመት?"

"ክረምት ክረምት፣ ሐጂ።"

"ጀዛከላህ ኸይር" አሉት።

ሽማግሌዎቹ ተመልሰው ሲመጡ ሐጂ ቁርኣኑን ከፈቱ። ሽፋኑ ድምፅ ሳያሰማ ተዘረጋ። "ቆዳውን ያለፋው ሙሄ ነው" አሉ፣ ከነሥራ ልብሱ ከጓሮ ጠርተው። "ተከፍቶ ተዘግቶ የማይሰነጠቀው በእሱ እጅ ነው። ሐረጉን ያወጣው ጦይብ ነው፤ ዳሩ ላይ መስመሩ እንዴት እንደሚገናኝ እዩለት። ሁለቱም እዚህ ናቸው፤ ጨብጧቸው።" ጦይብን የወቀሱት ሽማግሌ ቀድመው ተነሡና ይቅርታ ጠየቁት። ኢማሙም ቅባት የነካውን የሙሄን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ግን ሲወጡ፣ "ሐጂ፣ ሠራተኛን በሰው ፊት እንዲህ ማመስገን ልቡን አያሳብጠውም?" ሲሉ ጠየቁ።

ሐጂ ቡሽራ መለሱ፦ "ምስጋና አማና ነው፤ አደራ ነው። ለባለቤቱ ካላደረስነው፣ በልቡ ውስጥ ቂም ሆኖ ይበቅላል።"

ሙሄ ከዚያ ወዲያ ቅናት አልጎበኘውም ብል እዋሻለሁ። ጦይብ ሲመሰገን አሁንም ቆንጠጥ ያደርገው እንደነበር ይነገራል። ያን ጊዜ "አስተግፊሩላህ" ይልና ወደ ቆዳው ይመለሳል። ሐሰድ ለባለቤቱ ኃጢአት ነው፤ የአለቃ ዝምታ አያነጻውም። ሐጂም ይህን አላነጹለትም።

ነገር ግን አማና ሲባል ወደ ሐሳባችን የሚመጣው የሰው ዕቃ ነው። በቢሮም፣ በፋብሪካም፣ በሱቅም ሰው የምናሠራ ሰዎች "ደመወዙን እከፍለዋለሁ፣ ሌላ ምን ቀረው?" እንላለን። የቀረውን ሐጂ ቡሽራ አሳይተውናል። ሥራው ወዳለበት ገብቶ መቀመጥ፣ እንዴት እንደሚሠራ መጠየቅ፣ ሲያመሰግኑም በጅምላ ሳይሆን ሥራውን ለይቶ፣ ባለቤቱን በስሙ ጠርቶ ማመስገን። አንዱን ስናነሣ ከጀርባው የቆመውን አለመርሳት። ይህ ሁሉ አንድ ትንፋሽ እንጂ ሌላ ወጪ የለውም።

ይህን ጽፌ ብዕሬን ሳስቀምጥ አንድ ሰው ትዝ አለኝ። በማስተምርበት መድረሳ የውዱእ ውሃ የሚሞላልን ሰው አለ። ስድስት ዓመት ሙሉ በሞላው ውሃ ውዱእ አድርጌ ሰግጃለሁ፤ አንድ ቀን ባዶ ሆኖ አግኝቼው አላውቅም። ነገ ከዙህር በፊት ሄጄ ጀዛከላህ ልለው ነይቻለሁ። መጀመሪያ ግን ስሙን ከሰው መጠየቅ አለብኝ።